የሰርከስ ልጆችና ከመውደቅ በኋላ ያለው ሰዓት

በአንድ የወረዳ ከተማ ሰርከስ የሚሠራ የ14 ዓመት ልጅ፤ ጓደኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተደራርበው ከሠሩት የሰው ግንብ ሦስተኛ ደርብ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የወደቀው በደረቅ መሬት ላይ ነበረና የግራ ክንዱ ከእጅ አንጓው በላይ ተሰበረ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ልጁም አሠልጣኙ እንዳይቈጣው ሰግቶ ብድግ አለና እጅ ነሥቶ ወጣ። በማግሥቱ ቤተ ሰቦቹ ወደ ወጌሻ ወሰዱት፤ ወጌሻውም ክንዱን በቀርከሃ ስንጣሪ አጥብቆ አሰረለት። ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ ቢያድር «አጥንቱ ሊገጥም ነው፤ ቻለው» ተባለ። ወደ ሐኪም ቤት የመጣው በአራተኛው ቀን፤ ጣቶቹ ከጠቈሩ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ልጅ የግራ እጅ የለውም። እጁን ያሳጣው ግን መውደቁ አይደለም።

ይህን ጕዳይ ማንሣቴ ሰርከስን ለመንቀፍ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ. ኤ. አ. በ1991 በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ ጥበቡ ወደ ጅማ፤ ወደ መቀሌ፤ ወደ አዳማና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተስፋፍቶ ለብዙ ልጆች የሥራና የመልካም ጠባይ ትምህርት ቤት ሆኗል። «አደገኛ ስለ ሆነ ቢከለከል ይሻላል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በካናዳ አገር የተመሠረተው ሲርክ ዱ ሶሌይ የተባለው ታላቅ ሰርከስ የ5 ዓመት የጕዳት መዝገቡ ተመርምሮ እ. ኤ. አ. በ2009 በታተመ ጊዜ፤ በ1,376 ተጫዋቾች ላይ ከ18 ሺህ የሚበልጥ ጕዳት ተመዝግቦ ተገኝቷል። ቍጥሩ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ሆኖም ከ10ሩ ጕዳት 8ቱ ያህል ተጫዋቹን ቢበዛ ከአንድ ትርኢት በቀር አላስቀሩትም። እንደ እኔ አስተያየት ምስጢሩ በዚያው በቍጥሩ ብዛት ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ጥቂት የጅማት ሕመም እንኳ በዕለቱ ለባለሙያ ተነግሮ ይጻፋል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚነገረው አጥንት ሲሰበር ብቻ ነው።

በውጭ አገር ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ወደ አንድ የጂምናስቲክ ቤት እየሄድኩ እመለከት ነበር። ልጆቹ ወደ መሣሪያው ከመውጣታቸው በፊት በየተራ እየቀረቡ የሚያማቸውን ቦታ ይናገሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሥቄ ነበር፤ ልጆችን ልቅሶ የሚያስተምሩ መስሎኝ ነው። እኛ ያደግነው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልን አይደለምን? ኋላ ግን የአጥንትን ነገር ስማር ሥቄ አፈርኩ። በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህም ክፍል በዙሪያው ካለው ጅማት ይልቅ ደካማ ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ በየቀኑ በእጁ ሲቆምና ሲገለባበጥ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በእጅ አንጓው ላይ ያርፋል፤ ዕረፍት ካላገኘም ያ ክፍል ይጐዳና የአጥንቱ እድገት ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ልጁ «አንጓዬን አመመኝ» ሲል ስንፍና ነው ብሎ መገሠጽ ታላቅ ስሕተት ነው።

አሠልጣኞች ግን የአበበ ቢቂላን ታሪክ ይጠቅሱብኛል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እ. ኤ. አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለምን ይሉኛል። እርግጥ ነው፤ አሸንፏል። ይኸው ጀግና እ. ኤ. አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታምሞ ሳለ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ማቋረጡን ግን የሚጠቅስልኝ ሰው አላገኘሁም። ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው፤ የአበበም ክብር በዚህ አልቀነሰም። የታመመ እግር በቆራጥነት አይድንም።

ስለ መከላከያው የታወቀውን ባጭሩ ልናገር። ሰውነትን ሳያሟሙቁ መጀመር አይገባም። በኖርዌይ አገር በእግር ኳስ ተጫዋች ልጃገረዶች ላይ ተፈትኖ እ. ኤ. አ. በ2008 የታተመ ጥናት፤ 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ የማሟሟቂያና የሚዛን ልምምድ ጕዳቱን በሲሶ ያህል እንደ ቀነሰ ያስረዳል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ወፍራም ፍራሽ ግን ዋጋው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፍራሽ እስኪገኝ ድረስ የሰው ግንቡ ከሁለት ደርብ አይለፍ፤ ከአጠገቡም የሚወድቀውን የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። በባዶ እግር በአፈር ላይ የሚሠራ ልጅ ቢቈስል ቍስሉ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት መከተቡም ይጠየቅ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፤ ያስታወከው ወይም ነገር የጠፋበት ልጅ፤ ተሻለኝ ቢልም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ፤ ሐኪምም ይየው። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመውን ደግሞ ክንዱን ይዞ ብድግ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደ ወጌሻው ልመለስ፤ ምክንያቱም ብዙ እጅና እግር የሚጠፋው በዚህ በኩል ነው። ወጌሻን መሳደብ ቀላል ነው። ነገር ግን ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ቋንቋውም የበሽተኛው ቋንቋ ነው። የእኔ ክርክር ከማሰሪያው ጥብቀት ጋር ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አብሮት አይሰፋም፤ ደሙም ይታገዳል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ 6 ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፤ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ፤ ከደነዘዙ፤ ሲዘረጓቸውም ብርቱ ሕመም ከተሰማ፤ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ፈጥኖ ተፈቶ ልጁ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። «ሊገጥም ነው» የተባለው ጩኸት የሚሞት ሥጋ ጩኸት ነበር። እ. ኤ. አ. በ2005 የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናት፤ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ትምህርት በዚህ ምክንያት የሚቈረጠውን እጅና እግር ቍጥር እንደ ቀነሰ ይናገራል። አንድ ቀን ብቻ! ይህን ያህል ቀላል የሆነውን ነገር በየወረዳው አለማድረጋችን የእኛ የጤና ሠራተኞች ጕድለት እንጂ የወጌሾች አይደለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱንም አሠልጣኞች ላይወዱት ይችላሉ። የተጐዳ ልጅ ወደ ልምምድ የሚመለስበትን ቀን የሚወስነው አሠልጣኙ መሆን የለበትም። አሠልጣኙ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ቅዳሜ ትርኢት አለበት፤ ሦስተኛው ደርብ ላይ የሚወጣውም ልጅ አንድ ብቻ ነው። ውሳኔው በጤና ጣቢያው ሠራተኛ እጅ ይሁን፤ እያንዳንዱም ቡድን የልጁ ስም፤ የሕመሙ ቦታና ቀኑ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይያዝ። የዚያ ልጅ ቡድን አሠልጣኝ ባለፈው ወር ወደ ቢሮዬ መጥቶ ደብተሩ እንዴት እንደሚሰመር ጠየቀኝ። አሰመርንለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዞት ሲመጣ 9 ሕመም ተጽፎበት አየሁ፤ ከ9ኙም 5ቱ የእጅ አንጓ ነበሩ። «ይህ ሁሉ ከዚህ በፊት አልነበረም» አለኝ።