አልጋ ይዞ ይደር ወይስ ታክሞ ይግባ?

ታክሞ ይግባ
(በድንገተኛ ክፍል የሠራች ነርስ)

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ከተነሳ በአንድ ቤት አይቆምም። በፈረንጆቹ 2013 ደንጊ ገባ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጣለ። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ መጣች፤ ያመጣቻት በበርሜልና በሮቶ ውኃ የምትራባው ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ናት፤ ከተማ የለመደች፣ ዝናብ የማትጠብቅ።

ትሪያጅ ላይ ታማሚን በቀለም እንለያለን። ቀዩ አያከራክርም፤ ይተኛል። የምሟገተው ስለ ቢጫው ነው፦ ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልሰው፣ ራሱን ግን የሚያውቅ ጎልማሳ። ጠዋት ደሙ ታይቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ ለአምስት ስድስት ሰዓት ያህል ክትትል ተደርጎለት፣ የዋጠውን የወባ መድኃኒት ኮአርተም ካላስመለሰው ማታ ቤቱ እንዳይገባ ምን ይከለክለዋል? በሠራሁበት ክፍል (የትኛው እንደሆነ ልተወው) የማየው ሌላ ነበር። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ይመሻል፣ ያየው ሐኪም ተራው አልቆ ይሄዳል፣ ተረኛው «ለማንኛውም ይደር» ይላል። ያስተኛው ሕመሙ ሳይሆን የእኛ መዘግየት ነው። አንዱ ሌሊት ሦስት ይሆናል፤ አስታማሚው ሥራ ፈቶ ኮሪደር ላይ ካርቶን ያነጥፋል። መኪና ተገልብጦበት የመጣው ሰው ደግሞ አልጋ ይጠብቃል።

የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ዕቅድ፣ ትልልቅ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ይህን የዕለት ሕክምና በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን እንዲሰጡ ጠይቋል። እኔ ሕንፃ አልጠየቅሁም። ጥቂት ወንበርና የግሉኮስ መስቀያ ያለው አንድ ክፍል፣ ከክፍሉም የማይነሳ ልምድ ያለው ሐኪም ይበቃኛል።

ይደር
(ብዙ ሌሊት ያስታመመ የከዚራ ነዋሪ)

እህቴ፣ ድሬ አንቱታ አይወድምና አንቺ ልበልሽ። «ቤቱ» ስትዪ የማንን ቤት ነው? የከዚራውን፣ ዛፍ ያጠላበትን ከሆነ ተስማማን። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው የቆርቆሮ ክፍል ግን በሰኔ ቀን እንደ ምጣድ ግሎ ሌሊትም አይበርድም። ፈሳሽ አብዛ ብለሽ የላክሽው ሰው የሚጠጣው ትንኟ ከምትፈለፈልበት ከዚያው በርሜል ነው።

የደንጊው ነገር ይብሳል። በሌላው በሽታ ትኩሳት ሲወርድ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ እንላለን። ደንጊ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ልክ ትኩሳቱ ሲበርድ፣ ፈሳሽ ከደም ሥር እየሾለከ ይወጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ድድ ይደማል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በአንቺ የስድስት ሰዓት ክትትል በሽታው ገና ፊቱን አላሳየም። ከባድ ወባም ቢሆን የአርቴሱኔት መርፌው መጀመሪያ፣ በ12ኛው፣ ከዚያ በ24ኛው ሰዓት ነው የሚወጋው፤ በዕለት አይጠናቀቅም።

ደግሞ እንተዋወቃለን። «ታክሞ ይግባ» የሚል ወረቀት አንዴ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ አልጋ የጠፋ ዕለት የሚሸኘው ቢጫው ብቻ አይሆንም። ሌሊት የባሰበት ሰው ባጃጅ ፈልጎ፣ ለምኖ፣ ተበድሮ ነው የሚመለሰው። ከገጠሩ ቢዮ አዋሌ የመጣው ገበሬማ ጭራሽ አይመለስም።

ነርሷ ስትመልስ

ከባድ ወባ ከመነሻው ቀይ ነው፤ በእኔ አትቁጠርብኝ። በደንጊው ግን ረትተኸኛል፣ ግማሹን። ደንጊ የያዘው ሁሉ ሰባት ቀን ይተኛ ካልክ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች ተደምረውም አይበቁህም። ስለዚህ የተሸኘው ሰው በማግስቱ ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ለገሃሬም ይሁን ጎሮ፣ ደሙ እንደገና ይታይ። የአደጋው ምልክት በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይነገረው። ካልመጣ ይደወልለት። የቢዮ አዋሌው ይደር፤ እሱን ለአንተ ሰጥቻለሁ።

የከዚራው ነዋሪ

ደዋዩ ማን ነው? ካርዱ ከማን ኪስ ነው የሚሞላው? የደዋዩን ስም በየቀኑ ከተረኛው ሐኪም ስም ሥር ጽፋችሁ ለጥፉልኝና የእኔን አልጋ እለቃለሁ።