ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

በኮምፒዩተር ክፍላችን እየተለመደ የመጣ አንድ ጎጂ አሠራር አለ። ሲሠራ የቆየ የፓይተን ስክሪፕት ድንገት «ሞጁሉ አልተገኘም» ብሎ እምቢ ሲል፣ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ከላዩ ላይ ልጣፊ አድርጎ ማለፍ! ይህ ልማድ ለነገ መምህራን አይበጅም እንላለን።

ልጣፊው የታወቀ ነው። በስክሪፕቱ አናት፣ «ሲስ ፓዝ» በሚባለው የመፈለጊያ ዝርዝር ውስጥ፣ የራስን ኮምፒዩተር ሙሉ አድራሻ ጽፎ መጨመር። አዳማ ላይ ይሠራል። ያው ሥራ በፍላሽ ተይዞ መቂ ወይም ሻሸመኔ ሲደርስ ግን ያ ፎልደር እዚያ የለምና ቀጥ ይላል። ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል፣ ተማሪ እያየው የቆመ መምህር ያን ጊዜ ምን ይበል?

ታዲያ የነገሩ ሥር ምንድን ነው? ፓይተን ኢምፖርት የተባለውን ሞጁል በመላው ኮምፒዩተር አያስስም፤ የሚፈልገው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ስክሪፕት በቀጥታ ሲነሣ በዝርዝሩ አናት የሚቀመጠው ስክሪፕቱ ራሱ ያለበት ፎልደር ነው እንጂ እኛ ትእዛዙን የሰጠንበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ውስጠኛ ፎልደር ስናዛውረው ትናንት የሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ ይጠፉበታል። «ከመናኸሪያው በስተግራ ሦስተኛው በር» የተባለ እንግዳ፣ ፖስታ ቤቱ ጋ ቆሞ ቢቆጥር የማያውቀው ሰው ቤት ማንኳኳቱ አይቀርም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ሥራው አንድ ዋና ፎልደር ይኑረው፤ ኢምፖርቶቹ ሁሉ ከዚያ ተነሥተው ይጻፉ፤ ስክሪፕቱም ከዚያው ከዋናው ፎልደር ሆነን በ«ዳሽ ኤም» ይነሣ። ከውጭ የመጡ ሞጁሎች ከነቁጥራቸው በአንድ ፋይል ይመዝገቡ። ሞጁሉን በአንዱ ፓይተን ጭኖ ስክሪፕቱን በሌላው ማስነሣትም ይቅር። የራስን ፋይል «ራንደም» ብሎ መሰየም ደግሞ ጣጣ ነው፤ ፓይተን የራሱን ራንደም ትቶ የእኛን ያነሣልና።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጠቃሚው ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይተን 3.12 «ኢምፕ» እና «ዲስትዩቲልስ» የተባሉትን ነባር ሞጁሎች አስወግዷል፤ በእነሱ ላይ የተመሠረተ አሮጌ ስክሪፕት ይሰበራል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ሆርንሞርፎ ነው። ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ለመተንተን በፓይተን የሠሩት ይህ መሣሪያ ቀድሞ «ኤል 3» ተብሎ ኢምፖርት ይደረግ ነበር፤ በኋላ «ኤች ኤም» ተባለ። የድሮውን መመሪያ ይዞ አዲሱን የጫነ ሰው ሞጁሉን አያገኘውም። መሣሪያው ግን አልሞተም፤ ስሙ ነው የተለወጠው። ይህን ያልመረመረ ሠልጣኝ «የቋንቋችን ነገር መቼም አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ጉዳቱ ይኸው ነው!

«ጊዜ የለንም፣ ከሠራ ይበቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የኮምፒዩተር ሰዓታችን አጭር ነው። ነገር ግን ልጣፊው የቆጠበው አምስት ደቂቃ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ያውም የሌላ ሰው ግማሽ ቀን።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም የፓይተን ሥራ ከመረከቡ በፊት ባልተሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ይሞከር። ሁለተኛ፣ የስሕተት መልእክት ሲመጣ ከመጨረሻው መስመር ጀምረን እናንብብ፤ የጠፋውን ሞጁል ስም የሚነግረን እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ያስተካከለ ሰው ምክንያቱንም ለጎኑ ያስረዳ።

ነገ በየከተማው የምንቆመው በተማሪ ፊት ነው። «እንዲህ አድርገው» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ለሚለውም መልስ ይዘን እንሂድ።