ስቶር ስለተቆለፈባቸው ኮምፒውተሮች፦ ለሶዶ ወገኖቼ



ሰሞኑን እዚህ ጆሃንስበርግ ሳለሁ የአንድ የወላይታ ሶዶ ትምህርት ቤት የመዋጮ ጥሪ በስልኬ ደረሰኝ። ለኮምፒውተር ክፍሉ አዳዲስ ላፕቶፖች እንዲገዙ፣ ውጭ ያለን የአካባቢው ልጆች እጃችንን እንድንዘረጋ ይጠይቃል። መጠየቁ አላስከፋኝም፤ ለለቅሶም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታም ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን። ያንገበገበኝ ከጥሪው ግርጌ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነባሮቹ ኮምፒውተሮች አዲሱን ዊንዶውስ ስለማይቀበሉ ስቶር ገብተዋል ይላል። አንድ ዘመዴን ደውዬ ጠየቅሁት። ይነሳሉ? ይነሳሉ። ስክሪናቸው ይሠራል? ይሠራል። ታዲያ ምን ሆኑ? «አርጅተዋል ተባለ።»

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ራንድ እየቆጠረ ሊያስተምረን መጣ» የሚል አይጠፋም። በዚህ የኑሮ ውድነት በወር ደመወዝ እየኖረ የሚያስተምረውን መምህር ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ነውር መሆኑንም አውቃለሁ። ግን እኔም ያለሁት ገነት ውስጥ አይደለም። እዚህም መብራት በፈረቃ ሲጠፋብን ዓመታት አሳልፈናል፤ የወገኖቻችን ሱቅ ሲዘረፍ አይተናል። የኮምፒውተር ሙያዬን የተማርኩት ጄፒ በምንለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ልብስ እየሸጥኩ፣ ማታ ማታ፣ ሰው በጣለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዛሬ እንጀራዬ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችን በሌሊት ፈረቃ መጠበቅ ነው። ሰርቨሮቹ የሚሠሩት በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫን፣ ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሲስተም ነው። ትዕቢተኛ በሉኝ፣ ግን ያ እናንተ ስቶር የከተታችሁት ዓይነት ኮምፒውተር ነው ለዚህ ያበቃኝ።

ነገሩን ላስረዳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ካላገኘ አልጫንም ይላል። እንግዲህ ማሽኑ አርጅቶ አይደለም፤ አንድ ኩባንያ አላስተናግድም ስላለ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ግን በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ በ4 ደግሞ ደህና አድርጎ ይሠራል። ፈቃድ አይገዛም፣ ክራክ አይፈለግም፣ ከስክሪኑ ጥግ «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጉ» የሚል ጽሑፍም አይለጠፍም። በየቢሮው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ ፋይላችሁን የሚደብቀው የሾርትከት ቫይረስም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሳም።

ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኮዱን ለማንም ክፍት አደረገው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች አንዱም ሳይቀር ሁሉም በሊኑክስ ይሠራሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ታዲያ ዓለም የሚሠራበትን ትታችሁ የቢሮ ጸሐፊ ሥልጠና ብቻ ለልጆቻችን ለምን ትሰጣላችሁ? ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት፣ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ። በዚህ አለቀ።

ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አልነቅፍም፤ እህቴን ራሴ ነኝ እንድትመዘገብ የወተወትኳት። ግን ኮድ የጻፈው ሁሉ ኮዱን የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ተማሪዎች በኤቲኤም በር ተሰልፈው የሌላቸውን ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተናግሯል፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተገልጿል። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ያን ዜና ሲሰማ አልሳቀም። የጥገና ሌሊት ምን እንደሆነ ያውቃል።

የወላይታ ሰንጋ ስሙ የገነነው ገዢ ስለበዛ አይደለም፤ ቤቱ አስሮ በእጁ የሚያበላው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያየው ባለቤት ስላለው ነው። የሲስተም አስተዳዳሪ ሥራም ይኸው ነው። ዲስኩ ሞልቷል? ትናንት ሌሊት ማን ገባ? ባክአፑ በእርግጥ ተነስቷል ወይስ ተነስቷል ተብሎ ብቻ ነው የታለፈው? ይህን ለማወቅ ያ ብዙዎች የሚፈሩት ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ «ፒ-ደብሊው-ዲ» ብሎ የት እንዳሉ መጠየቅ፤ «ኤል-ኤስ» ብሎ ያለውን ማየት፤ «ሲዲ» ብሎ መሄድ። ቀጥሎ ፋይሉን ማን ማንበብ፣ ማን መጻፍ እንደሚችል በ«ቺሞድ» መወሰን። ከዚያ «ክሮን»ን በየሌሊቱ ባክአፕ እንዲያነሳ ማዘዝ፤ በመጨረሻም በ«ኤስኤስኤች» ሌላ ክፍል ወይም ሌላ አገር ያለ ማሽን ውስጥ መግባት። ይህ ተአምር አይደለም። ተግቶ የሚቀመጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይችለዋል።

«ኢንተርኔት የለም» አትበሉኝ። ለመማር «ማን» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ከጎኑ ሊያውቁት የፈለጉትን ትእዛዝ ስም መጨመር ነው፤ መመሪያው ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። ሶፍትዌሩን ለማግኘትም ቢሆን መንገድ አለ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማርክ ሻትልወርዝ የዚህ አገር፣ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው። ያኔ ሲዲው ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኢንተርኔት ውድ ስለነበር ፍሪደም ቶስተር የሚባሉ ማሽኖች በየአደባባዩ ቆመው፣ ባዶ ሲዲ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሶፍትዌሩን ይገለብጡለት ነበር። እኛ እኮ ይህ አለን! ሶዶ ውስጥ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጭነው ልጅ ቶስተራችሁ ነው። ጥቂት ጊጋባይት የሆነውን የሊኑክስ ሚንት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ቢያስቀምጥ ከጥቂት የሕንድ ፊልሞች የበለጠ ቦታ አይወስድበትም። ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ደግሞ ተርመክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ እነዚያኑ ትእዛዞች መለማመድ ይችላል።

«አማርኛ እንዴት እንጽፍበታለን?» ለሚለውም መልስ አለ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። የትምህርት ቤቱ የፋይናንስ ሶፍትዌር ያለ ዊንዶውስ አይሠራም ካላችሁ ያን አንዱን ማሽን ተዉት። እኔ የምለው ስለቀሩት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቆጨኝን ልንገራችሁ። ሊኑክስ ውስጥ የየአገሩ ቋንቋ የቀንና የወር ስም የሚቀመጥበት ፋይል አለ። ከእነዚህ ፋይሎች አንዱ የወላይትኛ ነው! በ2003 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ፣ አድራሻው አሜሪካ ቨርጂኒያ የሆነ ተቋም ነው። ያን ቋንቋ አስነስታችሁ «ዴት» ብላችሁ ብትጽፉ ማሽኑ ዕለቱን በወላይትኛ ይነግራችኋል። የእናቴ ቋንቋ በፊንላንድም በብራዚልም ሰርቨሮች ውስጥ ተቀምጧል፤ ሶዶ ውስጥ ግን ስቶር ተቆልፎበታል። ደግሞም ፋይሉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ልጆቻችን ግን ወላይትኛን በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ይህን ማን ያስተካክል? ሜዳው ክፍት ነው፤ ማንም ማሻሻያ ጽፎ መላክ ይችላል። ከቨርጂኒያ ሌላ ሰው እስኪነሳ እንጠብቅ?

ተቆጣሁ መሰለኝ፤ አትቀየሙኝ። የሶዶው እግር ኳስ ክለብ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብጹን ዛማሌክን ካይሮ ላይ ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ እዚህ በደስታ አብደን ነበር። ያን ቀን ማንም «መጀመሪያ የዛማሌክን ያህል በጀት ይኑረን» አላለም። እግር ኳስና ኮምፒውተር አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ያችን ከተማ ስለማውቃት ነው ከሷ ብዙ የምጠብቀው።

ስለዚህ የመዋጮ ድርሻዬን አልከለክልም፣ ግን ለአዲስ ላፕቶፕ አልልክም። ስቶሩ ይከፈት። ለመጫኛ ፍላሾች፣ ለትርፍ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲጠፋ ለሚያቆይ ዩፒኤስ እልካለሁ። ዕረፍት በሆንኩበት ቅዳሜ ሁሉ ከመምህሩና ከፈቃደኛ ተማሪዎች ጋር በስልክ አብሬ እቀመጣለሁ። ዩኒቨርሲቲያችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ከተማችሁ አለ፤ የኮምፒውተር ተማሪዎቹን ሁለት ሦስት ብትለምኑ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም።

መምህራን፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ፣ ጥሪውን የጻፍከው ወንድሜ፦ ጻፉልኝ። ተሳስተሃል ካላችሁም የትኛው ማሽን፣ ስንት ራም፣ ምን ስህተት እንደሚያወጣ ጽፋችሁ ሞግቱኝ፤ እቀበላለሁ። «አርጅተዋል ተባለ» ግን መልስ አይሆነኝም።