ለማፍያ የፈሰሰ እንባ

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ቺንጉ» (ጓደኛ) የተባለው የኮሪያ ፊልም አሁንም ወጣቱን ያስለቅሳል። በቡሳን (የቃኘው ዘማቾች ከመርከብ የወረዱባት ወደብ ናት) አብረው ያደጉ ልጆች የማፍያ ባላንጣ ይሆናሉ፤ አንዱ በዝናብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ይሞታል።

ማልቀስ ሐራም ነው አላልኩም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ግን ለማን ነው የምናለቅሰው? አንዱን ልጅ ስጠይቀው «ኡስታዝ፣ ታማኝነታቸው ነው የነካኝ» አለኝ። ለማን ታማኝ? ሰው እንዲወጋ ለሚያዝ አለቃ!

እኛ እኮ ጋሸና ነን። በ2014ቱ ጦርነት ሞትን በዓይናችን አይተናል፤ ሙዚቃ አልነበረውም። ያ ልጅ ሌሊቱን ለፊልም አንብቶ፣ ጠዋት የጎረቤቱ ጀናዛ ሲሰገድ ተኝቶ ነበር።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ለተዕዚያ እዚያው ቤት እንሄዳለን። ወንድሜ፣ አንተም ና።