የደምበጫዋ ዓሣና የጃፓኑ ሽሪምፕ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን የሚያውቃት በአረቄዋ ነው። በሥነ ሕይወት መዝገብ ግን ደምበጫ የሰፈረችው በዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና የኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ሜላኒ ስቲያስኒ አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዓሣዎችን ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቁ፣ አንዷን «ጋራ ደምበጫ» ብለው ሰየሟት።

አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አታልፍም። አፏ ከፊት ሳይሆን ከሥር ነው፤ ከከንፈሯ ኋላ አገጯ ላይ ክብ ሥጋማ መጣበቂያ አላት። ወራጅ ውኃ ጠርጎ እንዳይወስዳት በእሱ ድንጋይ ላይ ትለጠፍና፣ ረግጦት የሚያልፈውን ሰው የሚያንሸራትተውን አረንጓዴ አልጌ በከንፈሯ ጠርዝ እየፋቀች ትበላለች። በቱርክ ካንጋል ፍል ውኃ የሰው እግር ቆዳ በመልቀም የታወቀችው «ዶክተር ዓሣ» የዚችው ወገን ናት። ያቺ ዓለም ጎብኝቷታል። የደምበጫዋን ግን ደምበጫም እምብዛም አታውቃትም።

ይህ ሁሉ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) አስቀምጦ ዓሣ የሚያረባ ከተሜ መጀመሪያ ከሚያማርራቸው ነገሮች አንዱ አልጌ ነው። መስታወቱ ይለብሳል፣ ተክሉ ፀጉር ያበቅላል፣ ውኃው ይደፈርሳል። መፍትሔ ሲፈልግም የሚነገረው ሽሪምፕ ስለምትባል ትንሽ ቅርፊታም የውኃ ፍጥረት ነው። ለዚህ ዝና ምክንያት የሆነው ጃፓናዊው ፎቶ አንሺና የአኳሪየም ንድፍ ባለሙያ ታካሺ አማኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው ይህ ሰው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገሩ ጅረቶች የምትኖረውን ጥርት ያለች ሽሪምፕ ገንዳው ውስጥ እየጨመረ አልጌውን አስለቀማት። ዛሬ በመላው ዓለም የምትሸጠው በእሱው ስም፣ «አማኖ ሽሪምፕ» ተብላ ነው።

ሥራዋን ቀርቦ ላየ ሰው ጊዜ አይታወቀውም። የፊት እግሮቿ ጫፍ ላይ ጥቃቅን መቆንጠጫዎች አሉ። በግራና በቀኝ እየተፈራረቀች ከቅጠሉ፣ ከድንጋዩ፣ ከእንጨቱ እየለቀመች ወደ አፏ ትልካለች፤ ታርፋለች ማለት ዘበት ነው። በየጊዜው ቅርፊቷን ስትጥል ባዶው ቅርፊት መሬት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጀማሪው ሞተች ብሎ ይደነግጣል፣ እሷ ግን አዲሱ ቅርፊቷ እስኪጠነክር ተክል ሥር ተደብቃለች።

ይሁንና ሽሪምፕ ተአምር አትሠራም። ለስላሳውንና ፀጉር መሰሉን አልጌ ትወዳለች፤ መስታወት ላይ እንደ ነጠብጣብ የደረቀውን አትነካውም፤ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለውንና በእርግጥ ባክቴሪያ የሆነውን ዝልግልግማ ዞር ብላም አታየውም። አልጌ የሚበዛው ብርሃንና ምግብ ሲበዛለት ነው። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ አምራች ይህን ለማስረዳት መምህር አያሻውም። በቆሎውን የሚያፋፋው የዩሪያ ናይትሮጅን ከዓሣ ኩስና ከተረፈ መኖ ከሚወጣው ጋር አንድ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ግን የሚያፋፋው አልጌውን ነው። መኖ የቀነሰ፣ መብራቱን በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የወሰነ፣ በሳምንት ሩቡን ያህል ውኃ የቀየረ ሰው የሽሪምፑን ግማሽ ሥራ ሠርቶላታል።

ለመሞከር የቆረጠ ሰው ጥቂት ነገር ይወቅ። ገንዳው ውኃ በተሞላ ማግስት ሽሪምፕ ማስገባት መግደል ነው፤ መርዛማውን አሞንያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በሆነ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕን ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ የአየር መንፊያው ይቆማልና ገንዳውን በዓሣ ማጨናነቅ አይበጅም። ቀዩ «ቼሪ ሽሪምፕ» ደግሞ ቅዝቃዜ ስለሚችል ለጎጃም የአየር ጠባይ ይስማማል። ከአማኖ የሚለየው በመባዛቱ ነው፦ የአማኖ ጫጩት ጨው ያለበት ውኃ ካላገኘ አያድግም፤ ቼሪ ግን እዚያው ገንዳ ውስጥ ትራባለች።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በቀላሉ የሚራባ ነገር በቀላሉ ያመልጣል። ከታይዋንና ከቻይና የመጣችው ቼሪ ሽሪምፕ ዛሬ በጀርመን ከኃይል ማመንጫ በሚወጣ ውኃ በሞቀ ጅረት ውስጥ ጎጆ ቀልሳለች፤ ያደረሳትም ከአኳሪየሙ የደፋት ሰው ነው። ቅርብ አገር ምሳሌ ለሚፈልግ ኬንያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ናይቫሻ ሐይቅ የገባው፣ የሽሪምፕ ሩቅ ዘመድ የሆነው የአሜሪካ ቀይ ክሬይፊሽ የሐይቁን የውኃ ውስጥ ተክል ጨርሶ እስከ መመንጠር ደርሶ ነበር። ላህን፣ ብርንና ፈጣምን የመሳሰሉት የጎጃም ወንዞች ዓመቱን ሙሉ በረዶ አያውቁም፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። አንድ ባልዲ ሽሪምፕ የት ድረስ እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

ታዲያ ጋራን ራሷን ገንዳ ውስጥ ማስገባት አይሻልም? አይሻልም። ወራጅና አየር የበዛበት ውኃ የለመደች ዓሣ ናት፤ መብራት ሲጠፋ ከሽሪምፕ ቀድማ የምትታፈነው እሷ ናት። ልትታይ የሚገባት በወንዟ ነው። ደግሞም ስለዚህ ወገን ገና ያልተነገረ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በኢሉባቦር ሶር ወንዝ ውስጥ ከአንድ የጋራ ዘር የተገኙ፣ በአፍና በአመጋገብ የተለያዩ ስድስት ዓይነት ዓሣዎች አብረው እንደሚኖሩ አሳይቷል፤ አልጌ ፋቂውም፣ ከንፈረ ወፍራሙም፣ ሌላ ዓሣ የሚያድነውም ከዚያው ናቸው። ጣና ውስጥ ደግሞ መጣበቂያዋ እየሟሸሸ የሄደ ጋራ አለች። ተመራማሪ ለሚሆን የጎጃም ተማሪ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ ከየት ይመጣል?

የዚህች ዓሣ ጠላት ከሩቅ አልመጣም። በበጋ ወንዙ ሲሳሳና ውኃው በየኩሬው ሲቋጠር፣ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዓሣ ለማጥመድ ተወቅጦ ይበተናል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ዓሣው የሳበውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። አምባዛውና ነጭ ዓሣው ለገበያ ይለቀማሉ፤ ትንሿ ጋራ፣ ገና የተፈለፈለው ጫጩትና የውኃ ውስጥ ነፍሳቱ ግን ድንጋይ ሥር በስብሰው ይቀራሉ። በመርዝ ማጥመድን የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከልክሏል። ክልከላው ግን ወንዝ ዳር እስካልወረደ ድረስ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ሽሪምፕ የሚያረባ ያርባ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ውኃውን ሲቀይር ግን ወደ ቦይ ሳይሆን ጓሮ ውስጥ ላለው ችግኝ ያፍስሰው፤ ናይትሮጅኑ ለተክሉ ይጠቅማል፣ የሽሪምፑም ጫጩት ወንዝ አይደርስም። የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከጥር እስከ ግንቦት ኩሬዎቹ ሳይመረዙ እንዲያልፉ ከየቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ይምከር።