የአባቴን ፊልም ያበላሸሁት እኔ ነኝ

አባቴ ካረፈ በኋላ ቁም ሳጥኑን ስናስተካክል አንድ ያልታጠበ ፊልም አገኘን። ጥቁርና ነጭ፣ ባለ 36። ምን እንደተነሳበት እናቴም አታስታውስም። "የሚያውቅ ሰው ፈልግና ስጠው" አለችኝ። እኔ ግን ዩቲዩብ አይቼ ጨርሻለሁ። "እዚሁ ቤት አጥበዋለሁ" አልኳት።

ያየሁት ካፌኖል ስለሚባለው ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የፎቶ ኬሚስትሪ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው በሚሟሟ ቡናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ፊልም አጠቡ። ቫይታሚን ሲ በኋላ ተጨመረበት። ምስሉን የሚያወጣው ካፌይኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያሉት እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉ ነገሮች ናቸው። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 15 ደቂቃ። ከዚያ ፊክሰር የግድ ነው፤ እሱን ቡና አይተካውም።

የቡና አገር ልጅ ነኝና ደስ አለኝ። (ሽታው ግን ከአቦል ጋር አይገናኝም!) ሁሉንም በሚዛን ለካሁ። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ሲኒማ ላይ እንዳየሁት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀይ አምፖል አበራሁ።

ቀይ መብራት የሚሆነው ለጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለቀይ ብርሃን ደንታ የለውም። ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ፊልም ግን ቀዩንም ያያል። ታንክ ውስጥ ገብቶ እስኪከደን ድረስ ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል።

ሳወጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው። እናቴ አየችውና ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"በስልክ ዘመን ፊልም ማጠብ ምን ይሠራል?" የሚሉኝ አሉ። በዚህ አልስማማም። በገዛ እጃችሁ ያጠባችሁት ኔጋቲቭ ላይ ምስል ስታዩ የሚሰማችሁን ስልክ አይሰጣችሁም። እቤት ሞክሩ እላለሁ። ግን በማይደገም ነገር ላይ አትጀምሩ። ሙከራ መሳሳት የሚቻልበት ነው። መሳሳት በማይቻልበት ከጀመራችሁ ቁማር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ፊልም ገዝታችሁ ሰፈራችሁን አንሱ። እሱ ይበላሽ። ፊልሙን ታንኩ መጠቅለያ ላይ ማስገባትን በብርሃን፣ ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱ። የአባትና የእናት ፊልም ካላችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ፊልም እናንተ እስክትለምዱ ሁለት ወር ቢጨምር ብዙ አይጎዳም። ካልሆነም ዘወትር ለሚያጥብ ሰው ስጡት።

የአባቴን ፊልም አልጣልኩትም። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ የምለማመደው በእሱ ነው። ቀድሞ ሌላ ፊልም ላይ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው።