ሳያነብ የሚፈርም እጅ

ቶክን ለምትፈጥሩ፣ ኤርድሮፕ (የነፃ ቶክን ዕደላ) ለምታዘጋጁ፣ በቴሌግራም ቻናሎቻችሁም ሺዎችን ላስከተላችሁ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ሰው ሰውን እየጎተተ የሚያድገው የሰንሰለት ንግድ በአገራችን ስንቱን ቤተሰብ እንዳቆራረጠ ያየ ሰው፣ ያው መከራ ስሙን ቀይሮ ሲመለስ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትምና ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የቶክን መገበያያው ዩኒስዋፕ ቀድሞ ለተገለገለበት ለእያንዳንዱ አድራሻ 400 ቶክን ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ስጦታውን አልጠበቀውም፣ አልሮጠለትምም፤ ለራሱ ጉዳይ ሲገለገል ቆይቶ ድንገት ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ግን ስጦታ ሊመጣ ይችላል የተባለበትን ሁሉ ማሳደድ ሥራ ሆነ፤ አንድ ሰው መቶ ዋሌት ከፍቶ መቶ ሰው መሰለ፤ ከሰጪዎቹም ብዙዎቹ ተጠቃሚ በዛልን ለማለት ሲሉ እያዩ እንዳላዩ አለፉት።

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ የቴሌግራም ጨዋታው ሃምስተር ኮምባት ቶክኑን ሲያድል የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ለተጫዋቾች የተመደበው 60 ቢሊዮን ቶክን ነበር፤ አዘጋጆቹ ብቁ ናቸው ያሏቸው ደግሞ 131 ሚሊዮን ሰዎች፤ ይህ እኩል ቢካፈል እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው ከ460 ቶክን አይበልጥም፣ ዋጋውም ያን ጊዜ ጥቂት ዶላር ነበር። ለወራት ሌሊቱን ስልኩን ሲጠቀጥቅ ያደረ፣ ከምሳው ቀንሶ ዳታ የገዛ፣ እህቱንና የሰፈሩን ልጅ በመጋበዣ ሊንክ ያስገባ ወጣት ይህን ሂሳብ ቀድሞ የሚሠራለት አላገኘም። ገንዘቡ ይቅር፤ ያነሰ ድርሻ ያናድዳል እንጂ ቤት አያፈርስም። በእነዚያ ወራት ግን እጁ አንድ ነገር ለመደ፦ ሊንክ ሲመጣ መክፈት፣ ዋሌት ሲባል ማገናኘት፣ ፈርም ሲባል መፈረም። ይህን ያስለመድነው እኛ ነን።

እስቲ ዋሌቱ ላይ የሚመጣውን የፈቃድ ገጽ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከላይ በዜሮና በኤክስ የሚጀምር፣ 42 ፊደልና ቁጥር የተሰደረበት፣ ማንም በቃሉ የማይዘው አድራሻ አለ፤ ዝቅ ሲል የቶክኑ ስምና የተፈቀደው መጠን፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ያልተገደበ ነው፣ በኮዱ ውስጥ 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ከግርጌው ያለውን ማጽደቂያ አንዴ የነካ ሰው፣ ያ ኮንትራክት ያንን ቶክን በፈለገው ቀን በፈለገው መጠን እንዲወስድበት ፈቅዷል፤ ፈቃዱም ራሱ እስኪሽረው ድረስ ብሎክቼይኑ ላይ ይኖራል። ኮንትራክቱ የሌባ ከሆነ ደግሞ፣ ሌባው ዛሬ ባዶ የሆነውን ዋሌት አይነካም። ይጠብቃል፤ ከስድስት ወር በኋላ ፈቃዱን ለሰጠው ልጅ ከዓረብ አገር እህቱ የላከችለት ዩኤስዲቲ ሲገባ ያን ጊዜ ይወስዳል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ የተዘረፈው ልጅ አቤት ለማለትም ይፈራል።

የሌባው ገጽ ከእኛው ገጽ አይለይም። ስሙ፣ ቀለሙ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ሳይቀር የእኛ ነው፤ አርቢትረም የተባለው ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ቶክኑን ሲያድል እንደ አሸን የፈሉት የሐሰት ገጾች እንዲሁ ነበሩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው ብለን ያጣደፍነው ሰው፣ ሌላው ሲያጣድፈው በምን ይለየው?

በራሳችን ቤት ያለው ቸልተኝነትም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦፕቲሚዝም ኔትወርክ አስተዳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ቶክን ለአንድ የገበያ ተቋም ልከው ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሙከራ ዝውውር አድርገዋል፣ ተቀባዩም ደርሶኛል ብሏል፤ ሆኖም አድራሻው በዚያ ኔትወርክ ላይ ገና በተቀባዩ እጅ አለመግባቱን ከመላኩ በፊት ያየ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ያዘው። ኋላ 17 ሚሊዮኑ ተመለሰ እንጂ ሁሉም አልተመለሰም። እነዚያ ከእኛ ይልቅ ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ የነበራቸው ናቸው። ከመካከላችን ግን አዲስ ቶክን የማተሙን ቁልፍ በአንድ ሰው ስልክ ይዞ፣ ለሺዎች ዕደላ የሚያውጅ አለ። የሰፈር ዕድር እንኳ ከባንክ ብር የሚያወጣው በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ አይደለም።

ገና አልመሸም፤ ልታድሉት ያሰባችሁት ቶክን አሁንም በእጃችሁ ነው። የማተሚያውን ቁልፍ ለብዙ ፈራሚዎች አካፍሉት፣ ወይም አትማችሁ ከጨረሳችሁ ለዘለዓለም ዝጉት። የኮንትራክቱን አድራሻ ከዕደላው ቀን አስቀድማችሁ በአንድ በታወቀ ቦታ አውጡ፤ ድርሻ ለመውሰድ ሌላ ቶክን የማንቀሳቀስ ፈቃድ እንደማያስፈልግ፣ 12ቱን ወይም 24ቱን ምስጢራዊ ቃላትም ማንም ሊጠይቅ እንደማይገባ እስኪሰለቻቸው ተናገሩ። ሽልማትን በተጋበዘ ሰው ቁጥር መስፈሩን ተዉት። ቀድሞ የፈረሙትን ፈቃድ እንዴት እንደሚሽሩ ገጹን ከፍታችሁ በአማርኛ አሳዩአቸው፣ ለአንድ ሰው ሊደርስ የሚችለውንም ድርሻ ሳታስውቡ ንገሯቸው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ዕደላው ዘገየ ብለው የሚቆጧችሁም ይኖራሉ፤ ቁጣቸውን ታገሡት።